ስሙ እዚህ፣ ኪሎው እዚያ፦ ሁለት ሠንጠረዥ አብሮ ስለማሸብለል

በፕሮግራመሮች የውይይት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለቱን፣ የከፈትኩት በአንድ ማስመሪያ ምክንያት ነው።

ለአንድ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የርክክብ መዝገብ በጃቫ ስዊንግ (በጃቫ ቋንቋ የመስኮትና የሠንጠረዥ መሥሪያ) ሠርቼ ነበር። መስኮቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ የአባሉ ሙሉ ስም፣ ቀበሌና የአባልነት ቁጥር፣ በቀኝ በየቀኑ ያስረከበው የእሸት ቡና ኪሎ። አዝመራው ወራት ስለሚፈጅ የቀኙ ሠንጠረዥ ወደ ጎን በጣም ረጅም ነው። ወደ ኋለኞቹ ቀናት ሲሄዱ ስሙ ከዓይን እንዳይጠፋ ብዬ ነው ሁለት ያደረግሁት። በሁለተኛው ዓመት ለማየት ስሄድ የሒሳብ ሠራተኛዋ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አግድም አስደግፈው ሲሠሩ አገኘኋቸው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ስምና ኪሎ መሥመር ይለቃሉ አሉኝ። ገበሬ መስኮታቸው ላይ መጥቶ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ ከስክሪኑ እያነበቡ ነው የሚከፍሉት፤ አንድ ቀን የአንዱን ሰው የስድስት ቀን ርክክብ በዝርዝሩ ከእሱ በላይ ላለው ከፍለዋል። ገንዘቡ ተመልሷል፤ እስኪመለስ ድረስ ግን በእሳቸው ስም ብዙ ተወራ። ማስመሪያቸውን ይዘው ያን ያህል የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ኮድ መሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥያቄዬን እንዲህ አቀረብኩ። ሁለቱም ጄቴብል (የስዊንግ ሠንጠረዥ) ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጄስክሮልፔን (የሚሸበለል መስኮት) ውስጥ። በግራው ስክሮል ባር (ማሸብለያ) ላይ ሊስነር (ለውጥ ሲኖር የሚጠራ ኮድ) ሰክቼ ቦታው ሲለወጥ ለቀኙ ይነግራል፤ በቀኙም ላይ ሰክቼ ለግራው ይነግራል። ግን ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግራው ተመልሶ ይዘላል፣ መሥመሩም ከመሀል ጀምሮ ይለቃል። ሁለቱ እንደ አንድ ሠንጠረዥ እንዲንቀሳቀሱ ምን ላድርግ? የማስመሪያውንም ታሪክ አልተውኩም።

ከዚያ በኋላ 22 መልስ መጣ፤ በየቁጥሩ እየጠቀስኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መፍትሔው ከአንዱ መልስ ሳይሆን ከብዙዎቹ ተለቃቅሞ ነው የተገኘው።

ቁጥር 1 ከሰላምታ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቀ። ስንት ረድፍ አለ? ሁለቱ ሠንጠረዦች መረጃውን የሚያነቡት ከአንድ ምንጭ ነው ወይስ ከሁለት? የረድፉ ብዛትስ ሁልጊዜ እኩል ነው? መልሴን ሳይጠብቅም አንድ መንገድ ጠቆመ። ሁለቱ ስክሮል ባሮች እየተነጋገሩ ከሚከራከሩ አንድ ባውንድድ ሬንጅ ሞዴል (የስክሮል ባሩን ቦታና ልክ የሚይዘውን ክፍል) ይጋሩ፤ የአንዱን ወስዶ ለሌላው መስጠት የአንድ መሥመር ኮድ ነው አለ። ቁጥር 2 በዚህ ተስማማ፤ እሱ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ እንዲህ አድርጎ ያለ ችግር ሠርቶለታል። በቁጥር 3 አመስግኜ መለስኩ። ረድፉ ከ600 በላይ ነው፣ ምንጩ አንድ ነው፣ ብዛቱም እኩል ነው። ሞክሬውም ነበር፤ አሁን መዝለሉ ቀርቶ የስክሮል ባሩ መያዣ መጠኑን መለዋወጥ ጀመረ፤ መሥመሩ ግን እንደበፊቱ ይለቃል።

ቁጥር 4 ላይ የጻፈችው እህት የመጀመሪያውን መልስ በትሕትና አረመች። የዚህ ክር ትምህርት የሚጀምረው ለእኔ እዚህ ነው። ሞዴሉ አራት ቁጥር ይይዛል፦ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛው፣ አሁን ያለንበት ቦታ፣ እና በመስኮቱ የሚታየው መጠን። ቦታውና የሚታየው መጠን ተደምረው ከከፍተኛው ማለፍ አይችሉም። ጄስክሮልፔን ራሱን ባደራጀ ቁጥር የራሱን ሠንጠረዥ ቁመትና የራሱን መስኮት መጠን እነዚህ ቁጥሮች ላይ ይጽፋል። ሁለት ጄስክሮልፔን አንድ ሞዴል ሲጋሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሽራል። የቀኙ ከታች አግድም ስክሮል ባር አለው፣ የግራው የለውም፤ ስለዚህ የሚያሳዩት መጠን እኩል አይደለም። የሊስነሩንም መዝለል በዚሁ ፈታችው፤ ግራው ቀኙ ሊደርስ የማይችልበት ቦታ ሲደርስ ቀኙ በራሱ ዳርቻ ላይ ይቆማል፤ ያን የቆመበትን ቦታ መልሶ ለግራው ይነግረዋል፤ ግራውም ወደ ኋላ ይመለሳል። ለጊዜው ለግራውም አግድም ባሩ ሁልጊዜ እንዲታይ ብታደርግ የሚታየው መጠን ይስተካከላል፤ ከዚህ የተሻለው ግን የግራውን ሠንጠረዥ ከነጭራሹ የቀኙ ጄስክሮልፔን ረድፍ ራስጌ (ከዋናው ጋር አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ የጎን ክፍል) ማድረግ ነው አለች።

ቁጥር 5 ያንኑ ሐሳብ በቁጣ ደገመው። ረድፍ ራስጌውን የሚያስቀምጠው ሴትሮውሄደርቪው የሚባለው ትእዛዝ ስዊንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር ሲወጣ ጀምሮ እንዳለ፣ ሰነዱን ሳያነቡ ሊስነር መደርደር የሰው ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ የሰው ደመወዝ የሚነካ ሶፍትዌር ደግሞ እንዲህ ሆኖ መሰጠት እንደሌለበት ጻፈ። የመጨረሻው ቃሉ ከበደኝ፤ እውነት ስለሆነ ነው የከበደኝ። ቁጥር 6 ተቆጣው፤ ጥፋቱን በገዛ እጁ አደባባይ ያወጣ ሰው እንዲህ አይመታም፣ ሌላው ደግሞ ስህተቱን ይደብቃል አለ። እኔ ግን ቁጥር 5ን አልተቀየምኩም። ሰነዱን አላነበብኩም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሌላ መሣሪያ ተጠቃሚዎች ገቡ። ቁጥር 7 በኪውት ነው የሚሠራው። እሱ ዘንድ የአንዱን ስክሮል ባር የእሴት ለውጥ ምልክት ከሌላው እሴት መቀበያ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ማገናኘት ይበቃል፤ ማለቂያ ወደሌለው ዙር አይገባም፣ ምክንያቱም የመጣው እሴት ካለው ጋር አንድ ከሆነ ምልክት አይላክም። ማስጠንቀቂያው፣ አንዱ ሠንጠረዥ በረድፍ እየዘለለ ሌላው በፒክሰል እየተንሸራተተ እንዲሸበለል ከተደረገ ሁለቱ ባሮች የሚለዋወጡት ቁጥር ትርጉሙ ይለያያል። ቁጥር 8 ከዊንዶውስ ፎርምስ ነው፤ በዳታግሪድቪው፣ ማለትም በእዚያ ሠንጠረዥ፣ መጀመሪያ የሚታየውን ረድፍ ተራ ቁጥር ወስዶ ለሌላው ይሰጣል፤ ሠንጠረዡ ባዶ ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ስህተት ወርውሮ እንደሚቆም በደንበኛ ፊት ነው የተማረው። ዓምድ ማቆም ብቻ ከተፈለገ እዚያ ሁለት ሠንጠረዥም አያስፈልግም፣ ዓምዱን ራሱን ፍሮዝን (የማይነቃነቅ) ማለት ይቻላል።

ቁጥር 9 ተማሪ ነው፤ በፓይተን ቲኪንተር የመመረቂያ ሥራ ይሠራል። ቲኪንተር ቦታን የሚናገረው በክፍልፋይ ነው፣ ከ0 እስከ 1። አንዱ ሠንጠረዥ 600፣ ሌላው 500 ረድፍ ሲኖረው ግማሹ ለአንዱ 300ኛው ነው፣ ለሌላው 250ኛው። ልጁ ይህን አይቶ ግራ ገብቶት ነው የጻፈው፤ ሁለት ሠንጠረዥ እኩል ሄዱ የሚባለው ፒክሰላቸው ሲገጥም ነው፣ ክፍልፋያቸው ሲገጥም ነው፣ ወይስ ረድፋቸው? ጥያቄዬን ከእኔ በተሻለ የጠየቀው እሱ ነው።

የመለሰለት ቁጥር 10 ነው፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ሶፍትዌር የሠራ ሰው። በግራ የባንኩ መግለጫ፣ በቀኝ የድርጅቱ መዝገብ። ረድፉ እኩል አይደለም፤ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ በመዝገቡ የለም፣ ድርጅቱ የጻፈው ቼክ ገና ባንክ አልደረሰም። በፒክሰል አገናኝቶ ነበር፤ ከጥቂት ረድፍ በኋላ የማይገናኙ ነገሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በክፍልፋይ ሞከረ፤ እሱ ይባስ ሆነ። በመጨረሻ ሽብለላውን ትቶ መረጃውን ነካ። በቼክ ቁጥርና በገንዘብ መጠን ሁለቱን አዛመደ፣ አቻ በሌለው ቦታ ባዶ ረድፍ አስገባ። የሁለት ጽሑፍ ልዩነት የሚያሳዩ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ረድፉ እኩል ከሆነ በኋላ አብሮ ማሸብለል የቀላል ቀላል ሆነለት። ዓይን የሚያነበው ረድፍ ነውና የሚገናኘውም ረድፍ መሆን አለበት፣ ፒክሰል የዚያ ጥላ ነው የሚል ነገር አከለ። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የእኔ ግን ረድፍ እኩል ነው፣ ታዲያ ለምን ይለቃል እያልኩ።

ቁጥር 11 ላይ የጻፈው ሰው ኮድ አልሰጠም። ወደ ቁጥር 3 ተመልሶ፣ ሞዴሉን ከተጋሩ በኋላም መሥመሩ መልቀቁን ካነበበ ጥፋቱ ከሽብለላው እንዳልሆነ ገብቶታል። አንድ ነገር ብቻ እንዳደርግ ጠየቀኝ፤ የሁለቱን ሠንጠረዦች ሙሉ ቁመት በፒክሰል እንዳትም። አተምኩ። ግራው ከቀኙ በ60 ፒክሰል ይረዝማል።

ለምን እንደሆነ ወዲያው ታወሰኝ። የጄቴብል ረድፍ ሳይነኩት 16 ፒክሰል ነው፤ በዚያ ቁመት ፊደላችን ራሱ ወይም እግሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ሁለቱንም 24 አድርጌ ነበር። በኋላ ደግሞ ረጅም ስም በዓምዱ ሲጨናነቅ አይቼ፣ ሁለት መሥመር እንዲሆንና ረድፉ 36 እንዲሆን አደረግሁ፤ በግራው ብቻ። በመዝገቡ አምስት እንዲህ ያለ ስም አለ። 5 በ12፣ 60።

ከዚያ የተሳሳተው ክፍያ ምን እንደነበር አየሁት። ከመጀመሪያው ረጅም ስም በኋላ ግራው ግማሽ ረድፍ ይወርዳል፤ ስሙ በሁለት ኪሎ መካከል ይቆማል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን አይተው ነው ማስመሪያ ያመጡት። ከሁለተኛው በኋላ ግን ሙሉ አንድ ረድፍ፣ ልክ 24 ፒክሰል። መሥመሩ እንደገና ቀጥ ይላል። ማስመሪያ ቢያስደግፉ ይገጥማል። የሚገጥመው ግን የአንዱ ስም ከሚቀጥለው ሰው ኪሎ ጋር ነው። ክፍያው የተሳሳተው እዚያ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ረጅም ስም መካከል፣ ሁሉ ነገር የተስተካከለ በሚመስልበት ቦታ ነበር። የለቀቀ መሥመር ሰውን ያስጠነቅቃል፤ ይህኛው ምንም አላስጠነቀቃቸውም። ይህን በክሩ ላይ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቁጥር 12 ወሬውን ሌላ ቦታ ወሰደው። ለምን ማሸብለል እንላለን፣ ሸበለለ መጠቅለል ነው፣ ሠንጠረዥ ደግሞ አይጠቀለልም፣ ስክሮል ማድረግ ብንል ሁሉም ይገባዋል አለ። ቁጥር 13 የእንግሊዝኛውም ቃል የመጣው ከብራና ጥቅል ነው፣ እነሱ ያላፈሩበትን እኛ ለምን እንሸሸዋለን ብሎ መለሰ። ነገሩ ተካረረ፤ ቋንቋ ስለማሳደግና ስለማበላሸት ተባባሉ። ቁጥር 14 ሁለቱንም በቁርጥ ቃል ጉዳዩን በሌላ ክር ጨርሱት፣ እዚህ ሰው ሥራ ይዟል አላቸው። እኔ ሁለቱንም ቃል እጠቀማለሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ላውርደውና ላውጣው ነው የሚሉት፤ በአጠቃቀም መመሪያው ላይም እሱን ጻፍኩት።

ቁጥር 15 ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ያነሣችው ነገርም አደገኛ ነበር። ተጠቃሚው የግራውን ዓምድ ራስጌ ጠቅ አድርጎ በስም ቢደረድር ቀኙ ይደረደራል ወይ? ጄቴብል አደራደሩን የሚይዘው በየራሱ ነው፤ ካልተጋራ ስሞቹ ይደረደራሉ፣ ኪሎዎቹ በነበሩበት ይቀራሉ፤ ስልሳ ፒክሰል ሳይሆን መዝገቡ በሙሉ ይናጋል። የረድፍ ምርጫውንም እንዲሁ፤ ሁለቱ አንድ የምርጫ ሞዴል ከተጋሩ በግራ የተነካው ረድፍ በቀኝም ይቀለማል፣ ማስመሪያውን የሚተካው እሱ ነው አለች። ይህን ስሰማ ለምን ከመጀመሪያው አላሰብኩትም ብዬ አዘንኩ። አደራደሩን በተመለከተ እኔ ጠቅታውን ዘግቼ ዝርዝሩን ለሠንጠረዡ ከመስጠቴ በፊት ነው የምደረድረው። ለሌላም ምክንያት ይሻላል፤ ኃይሉና ሀይሉ ተብሎ የተጻፈን አንድ ስም፣ ዓለሙንና አለሙን፣ ፀሐይንና ጸሐይን ጎን ለጎን ለማምጣት ኮምፒውተሩ በሚያውቀው የፊደል ቁጥር ብቻ መደርደር አይበቃም፤ ለመደርደሪያ ብቻ ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ፊደል የሚቀይር ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ቁጥር 16 ላይ የጻፉት በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ናቸው፤ በትሕትና ነው የምጠቅሳቸው። ይህ ጉዳይ ከእናንተ ዕድሜ ይበልጣል አሉን። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ የተባለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም መስኮቱን ለሁለት መክፈል፣ ሁለቱ አብረው ወይም ተለያይተው እንዲሸበለሉ መምረጥ፣ ርእሶችንም ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ማሰር ይችል ነበር። ኤክሴልም ዛሬ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን አድርጎ አብሮ ያሸበልላል። አንዳንዱ ከርእስ ወጣ አለ፤ ለእኔ ግን ከርእስ የወጡ አልመሰለኝም። ቪዚካልክ ላይ ሁለቱ መስኮቶች የሚያሳዩት አንድ ሉህ ነው። የተከፈለው ዕይታው ነው እንጂ መረጃው አይደለም።

ቁጥር 17 ከእስራኤል ነው የጻፈው። እዚያ መስኮቱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የስም ዓምዱ በቀኝ መቆም አለበት። የሁለት ሠንጠረዥ ዘዴ ሲጠቀም ሁሉን በእጁ ማገላበጥ ነበረበት። የረድፍ ራስጌ ካደረገው በኋላ የጄስክሮልፔኑን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ሲለው ራስጌው በራሱ ወደ ቀኝ፣ ስክሮል ባሩ ወደ ግራ ሄደለት።

ያን ጊዜ እኔም ወደ ራስጌው ዘዴ ገብቼ ነበር፤ እንደሠራም በቁጥር 18 አስታወቅሁ። ቁጥር 4 ላይ የነበረችው እህት በቁጥር 19 ተመልሳ ገና አልጨረስክም አለችኝ። ግራው ሠንጠረዥ ላይ ጠቅ ካደረግሁ በኋላ ጣቴን ከማውስ አንሥቼ የታች ቀስቱን ተጭኜ እንድቆይ ነገረችኝ። ተጫንኩ። ምርጫው ከመስኮቱ ታች ሲያልፍ ስሞቹ ወጡ፣ ኪሎዎቹ ግን አልተነቃነቁም። ዋናው ሲሸበለል ራስጌው ይከተለዋል፤ ራስጌው በራሱ ሲንቀሳቀስ ግን ዋናው አይከተልም። ስለዚህ በራስጌው ቪውፖርት (የሚታየው ክፍል) ላይ የለውጥ ሊስነር ተደርጎ፣ የደረሰበት ቁመት ለዋናው ቋሚ ስክሮል ባር መሰጠት አለበት። በማውስ ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ቀዳዳ አያየውም፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያስገቡ የሒሳብ ሠራተኞች ግን እጃቸው ከቁልፍ ሰሌዳው አይነሣም።

ቁጥር 20 ስለ ማውስ ዊል ነው፤ ቀድሞ የግራውን ስክሮል ባር ደብቄው ስለነበር ዊሉ በግራ በኩል ቁልቁል አልሄድ ብሎኝ ነበር፣ በራስጌው ዘዴ ችግሩ አብሮ ጠፋ። ቁጥር 21 ደግሞ ሁሉን ትታችሁ ወደ ብራውዘር ሂዱ፣ በዚህ ዘመን ስዊንግ የሚጽፍ ሰው ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ ሰዎቹን አበሳጨ። ያ መጋዘን ኢንተርኔት ባለው ቀን ኢንተርኔት አለው፣ በሌለው ቀን የለውም፤ ገበሬው ግን ቡናውን ተሸክሞ በሁለቱም ቀን ይመጣል። ይህን ብቻ መለስኩለት።

አሁን የቆምኩበት እንዲህ ነው። አንድ መረጃ፣ አንድ የምርጫ ሞዴል፣ አንድ ጄስክሮልፔን፣ ግራው እንደ ረድፍ ራስጌ። የረድፍ ቁመት ሁሉም 24፤ ረጅም ስም በአንድ መሥመር ይቆማል፣ ማውሱ ሲያርፍበት ሙሉው ይወጣል። ከዚያም በላይ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሁለቱን ቁመት ያነጻጽራል፤ በአንድ ፒክሰል እንኳ ከተለያዩ መዝገቡን አያሳይም፣ ለእኔ ደውሉ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልመከረኝም፤ ቁጥር 11 ካሳየኝ 60 የመጣ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ አዲሱን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ሁለተኛው ረጅም ስም ወርደው ከወረቀት መዝገባቸው ጋር ሰው በሰው ማመሳከር ነው፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ። ሲጨርሱ ማስመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ አልጣሉትም።

ዛሬ ጠዋት ቁጥር 22 ገባ። ወረቀት ላይ ሲታተምስ? ጄቴብል የሚያትመው ራሱን ብቻ ነው፤ ዋናው ሲታተም ራስጌው አብሮት አይወጣም፣ ስም የሌለው የኪሎ ወረቀት ነው የሚሆነው። ማኅበሩ ደግሞ በአዝመራው መጨረሻ አባላቱን የሚያስፈርመው በታተመ ወረቀት ነው። ለማተሚያ ብቻ ስሙንና ኪሎውን በየገጹ የያዘ ሦስተኛ፣ የማይታይ ሠንጠረዥ ልሠራ ነው ያሰብኩት፤ ቅዳሜ ሞክሬ በቁጥር 23 እጽፋለሁ።